አቡ ብሬስ በሁለተኛ ክፍል

ጅራቱ እጄ ውስጥ ቀረ። እንስሳው ራሱ ከቆርቆሮው ተስፈንጥሮ ደረቴ ላይ ወጥቶ፣ ከደረቴ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ተወርውሮ ሄዷል፤ የያዝኩት ጅራት ግን መዳፌ ላይ እንደ ትል ይጠማዘዛል፣ ይፈራገጣል። ጮኽኩ። ያን ቀን እንዴት አድርጌ እንደጮኽኩ ሰዎች ኋላ ሲነግሩኝ አፍሬያለሁ፤ የግቢው ዘበኛ እሳት የተነሳ መስሎት ውሃ በባልዲ ይዞ ነው የመጣው። ልጆቹ በበርም በመስኮትም ወጡ። እኔ ጅራቱን ወለሉ ላይ ጥዬ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ እሱም ወለሉ ላይ መዝለሉን አላቆመም። ባለቤት የሌለው ጅራት ሲዘል አይቼ አላውቅም ነበር።

ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጎንደር ውስጥ ሴት አስተማሪ ብርቅ በነበርንበት ዘመን፣ ከተማው ውስጥ ያለውን ትምህርት ጨርሼ የሁለተኛ ክፍል ሴቶች ልጆች አስተምር ነበር። ክፍላችን የጣሊያን ሹም የኖረበት ቤት ሳሎን ነው። ሰፋፊ መስኮቶች ነበሩት፤ መስታወታቸው ግን ግማሹ ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል።

ቆርቆሮውን ያመጣችው አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። አባቷ የጭነት ማኪና ሾፌር ነው፤ በጭልጋ አድርጎ መተማ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ድንበር ተሻግሮ ሱዳን እስከ ከሰላ ይዘልቃል። ልጅቱ «አባቴ አሸዋ ብቻ የሆነ አገር ይሄዳል» ባለች ቁጥር ጓደኞቿ «ውሸታም፣ አሸዋ ብቻ የሆነ አገር የለም» እያሉ ያስለቅሷት ነበር። አባትዋ ይህን ሲሰማ ከዚያው ከአሸዋው አገር ማስረጃ ይዞላት መጣ። የሻይ ቆርቆሮ ክዳኑን በምስማር በስቶ «ለአስተማሪሽ ስጫት» አላት። እኔም ስጦታ መስሎኝ፣ ፈገግ ብዬ፣ ፊቴን አስጠግቼ ከፈትኩት።

ሁሉም ሲሸሽ እሷ ብቻ አልሸሸችም። ወንበር ስባ ቆመችበትና፣ ከሰሌዳው በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የቀረውን እንስሳ ቆርቆሮ ደፋችበት።

«እትዬ፣ ምነው ፈሩት?» አለችኝ ወደኔ ዞራ። «ጅራቱን እኮ ራሱ ነው የጣለው። አላመመውም።»

ያን ቀን ከሰዓት አባትዋ እየሳቀ መጣ። ድምፁ እንደ ማኪናው የሚያጓራ፣ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ ሰው ነበር። ጭልፊት ወይም እባብ ሲይዘው ጅራቱን እንደሚጥል፣ የሚፈራገጠውን ጅራት ጠላቱ ሲያይ እሱ እንደሚያመልጥ ነገረኝ። «ደግሞ ይበቅላል» አለኝ። አላመንኩትም። የሚያሾፍብኝ ነበር የመሰለኝ።

አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ድንጋይና ደረቅ ስንጥር አድርጌ፣ አፉን በወንፊት ጨርቅ አስሬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። ርዝመቱ ያለ ጅራቱ ጣቴን የሚያህል፣ ቆዳው ሻካራ፣ ቀለሙ አቧራ የመሰለ እንሽላሊት ነው። ትከሻው ላይ አራት ነጫጭ ነጥቦች አሉት። ጣቶቹ ጫፋቸው ሰፊ ስለሆነ በጠርሙሱ መስታወት ላይ ምንም ሳይይዝ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ልጆቹ መጀመሪያ ከበር ሆነው፣ ቀጥሎ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ በመጨረሻ አፍንጫቸውን ጠርሙሱ ላይ ለጥፈው ያዩት ጀመር። እኔም ሳላስበው ከፊደሉና ከቁጥሩ መሀል የእንሽላሊት ትምህርት ገባ።

«ቀን ቀን ምነው ዝም ይላል?» ትለኛለች አንዷ።

«የጓደኛችሁ አባት እንደነገረኝ፣ በአገሩ ቀን ቀን ድንጋዩ እንደ ፍም ይግላል። ስለዚህ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ለአደን የሚወጣው።»

«ውሃ ከየት ያገኛል?»

«ከሚበላቸው ነፍሳት። ንጋት ላይ ድንጋይ ጤዛ ከያዘም ይልሳል።»

«ለምን አይተኛም? ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም!»

ይህን ጥያቄ ልመልስ አፌን ስከፍት እንስሳው ረጅም ምላሱን አወጣና የገዛ ዓይኑን ላሰ። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። እኔም ከልጆቹ ጋር ጮኽኩ። የዓይን ቆብ እንደሌለው ለማስረዳት የተወሰነ ጊዜ ወሰደብኝ። «እኛ አቧራ ሲገባብን ጨፈን ገለጥ እናደርጋለን። እሱ የሚጨፍንበት ቆብ የለውም። በቆቡ ፈንታ እንደ መስታወት ያለ ሽፋን አለው፤ አቧራ ሲይዘው በምላሱ ይወለውለዋል» አልኳቸው። በማግስቱ እናቶች ልጆቻቸው ምላሳቸውን ወደ ዓይናቸው እየዘረጉ አስቸገሩን አሉኝ።

በየቀኑ አዲስ ነገር ያሳየናል። ነጭ ወረቀት ላይ ስናስቀምጠው ይነጣል፤ ከሰል አጠገብ ስናደርገው ይጠቁራል። አንድ ቀን ደግሞ ቆዳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ተነሳ፤ በአፉ እየጎተተ እንደ ቀሚስ አወለቀውና በላው። አንዲት ልጅ አስመለሳት። ዝንብ የመያዝ ሥራ የሁሉም ሆነ። ከሁሉም የምትበልጠው ግን ከወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰፈር የምትመጣ፣ አባት የሌላት፣ ሁልጊዜ ሻሽ አንገቷ ላይ ጠምጥማ የምትመጣ ልጅ ነበረች። ዝንቡን በክንፉ ይዛ፣ ወንፊቱን ገለጥ አድርጋ፣ በእጇ ታጎርሰዋለች።

ጥር ላይ ከወገራ በኩል የሚነፍሰው ብርድ በረታ። አንድ ጠዋት ክፍል ስገባ እንሽላሊቱ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተገልብጦ አገኘሁት። ነካሁት፤ እንደ እንጨት ደርቋል። ልጆቹ አለቀሱ። የሾፌሩ ልጅ ከሁሉም በላይ አለቀሰች፤ አባቷ የሩቅ መንገድ ላይ ነበር። ከግቢው ጥግ ልንቀብረው ወሰንን፤ ጉድጓዱ እስኪቆፈር ድረስ ሬሳውን ደረጃው ላይ ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። ፀሐይዋ ወጥታ ድንጋዩን ማሞቅ ጀምራለች። ልጆቹ በእንጨት እየቆፈሩ ሳለ «ጭ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል እንሽላሊቱ በአራት እግሩ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ፣ እኛ ላይ ይጮሃል።

አንዷ ልጅ «ተነሣ!» ብላ መሬት ላይ ተንበረከከች። ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የእሱ ሰውነት እንደኛ ከውስጡ እንደማይሞቅ፣ ሙቀቱን ከፀሐይና ከድንጋይ እንደሚበደር፣ ብርድ ሲመታው እንደሚደነዝዝ የገባኝ እሱን ይዤ ከተረጋጋሁ በኋላ ነው። ለልጆቹም እንደዚያው አስረዳኋቸው። ቤት ሲደርሱ ግን የነገሩት ሌላ ነው፤ «ሞቶ ተነሣ» ነው ያሉት።

ወሬው የጀመረው ከዚያ ነው። የከፋው ግን ቀጥሎ መጣ።

ሾፌሩ ሲመለስ ልጁ የእንስሳውን ስም ጠይቃው ነበር። ሱዳኖቹ «አቡ ብሬስ» ይሉታል አላት። እሷም ክፍል መጥታ ተናገረች፤ ስሙ ለልጆቹ አፍ ስለሚጥም «አቡ ብሬስ! አቡ ብሬስ!» እያሉ ይዘምሩ ጀመር። ከአዲስ ዓለም፣ ከሙስሊሞቹ ሰፈር፣ የምትመጣ የነጋዴ ልጅ እጇን አነሳች። አያቷ ለብዙ ዘመን ከሱዳን ጋር ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሷም ቁርኣን ትቀራለች።

«እትዬ፣ አያቴ ትርጉሙን ነግሮኛል» አለች። «አቡ ማለት አባት ነው። ብሬስ ደግሞ ከበረስ ነው የመጣ። በረስ ለምጽ ነው። የለምጽ አባት ማለት ነው።»

ዝማሬው ቆመ። ሁሉም የእንስሳው ትከሻ ላይ ያሉትን አራት ነጫጭ ነጥቦች አየ። እኔም አየሁ። ልጅቱ ክፉ አላሰበችም፤ ያወቀችውን ነው የተናገረችው። እኔም ፈጥኜ «ስም ብቻ ነው። ሰው ነጥቦቹን አይቶ ያወጣለት ስም ነው። ሰው አይነካም» አልኩ። ነገር ግን ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ልጆች ደግሞ ይህን ያውቃሉ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው ሳለ፣ አንዲት ሴት በበሩ ገባች። ነጠላዋን አጥብቃ ለብሳለች፤ ያችን ዝንብ የምታጎርሰውን ልጅ በእጅዋ እየጎተተች ነው። መሀል ግቢው ላይ ቆማ የልጅቱን ሻሽ ገፈፈች። የልጅቱ አንገት ላይ፣ ከጆሮዋ በታች፣ ብር የሚያህል ነጭ ነገር ነበረ፤ ከአጠገቡም ትናንሽ ሌሎች።

«እዩ! እዩልኝ!» አለች እናትየው። «ልጄን ምን እንዳደረጋት እዩልኝ! ያ አውሬ ነው! አስተማሪዋ ያሳደገችው አውሬ!»

ሰልፉ ተበተነ። ልጆቹ ከዚያች ልጅ ሸሽተው በግድግዳው ዳር ተሰበሰቡ፤ እሷ መሀል ብቻዋን አንገቷን በእጅዋ ሸፍና ቀረች። ወደ እሷ ልሄድ ስል ዳይሬክተራችን ከቢሮው ወጡ። ረጅም፣ ቁጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩ። የልጅቱን አንገት ሲያዩ ወደ ኋላ ዘለሉ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲዘል አላየሁም።

«ውሰጅያት! ከዚህ ግቢ ውሰጅያት!» አሉ እናትየዋን። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «እኔ ፊደል አስተምሪ አልኩሽ እንጂ እንሽላሊት አርቢ አልኩሽ? እሑድ ወላጅ ይሰበሰባል። የሥራሽን ነገር እዚያው ትሰሚዋለሽ።»

በማግስቱ ከወንበሮቹ ግማሹ ባዶ ነበር። በዚያው ሳምንት ወሬው ከከተማው ውጭ ማክሰኝት ገበያ ደርሶ ተመለሰ፤ ሲመለስ አንዲት ልጅ መላ ሰውነቷ ነጭ ሆና፣ እኔም እቤቴ ሰባት እንሽላሊት እያጠባሁ ነበር። እናቴ ከቤት እንዳልወጣ ለመነችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቼ ክንዴን፣ ደረቴን፣ ያ እንስሳ የረገጠኝን ቦታ በመስተዋት አየው ነበር። ልጆቹን «ሰው አይነካም» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ታዲያ ብሳሳትስ?

ትምህርት ካለቀ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ ወደ ልጅቱ ቤት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት። እናትየው እንዝርት ይዛ ጥጥ ትፈትላለች፤ የምትተዳደረው በዚሁ ነው። ስታየኝ አልተቆጣችም። ይህ ገረመኝ። ልጅቱን «ሂጂ፣ ከጎረቤት እሳት አምጪ» ብላ ላከቻትና በሩን ገጠም አደረገች።

«ሆስፒታል እንውሰዳት» አልኳት። «እኔ እወስዳታለሁ። ምን እንደሆነ ይንገሩን።»

«አይሆንም።»

«ምነው? ካልታከመች እኮ...»

«ነገሩ ከመስቀል ጀምሮ አለ» አለች።

ቃሉ አልገባኝም። እንስሳው የመጣው ኅዳር ላይ ነው።

«ከመስቀል ጀምሮ» አለች ደግማ፣ እንዝርቷን አስቀምጣ። «ሻሹን ለምን እንደማስራት ይመስልሻል? አውሬው አይደለም። አውሬውን ስሙን ስሰማ ግን እግዚአብሔር የላከልኝ መሰለኝ።»

ወንበር አልነበረም፤ መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ዳባት አካባቢ ወንድም ነበራት። ልጅ ሳለ አንገቱ ላይ እንዲሁ ያለ ነጭ ነገር ወጣበት። አባታቸው ጓዳ ደበቁት። ኋላ ጣቶቹ ተቆለመሙ። ነገሩ ሲሰማ የታላቅ እኅቷ ሠርግ ተበተነ፤ ሽማግሌዎቹ የበሉትን ትተው ከማዕድ ተነሱ። ወንድሟ አንድ ሌሊት ምርኩዙን ይዞ ሄደ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ጸበል ቦታ ከሚለምኑት መሀል አይተነዋል ያሉ ነበሩ። እሷ የሚያውቃት በሌለበት ጎንደር መጥታ አገባች። ባሏ ሳያውቅ ሞተ።

«አውሬ ለክፏት ነው ከተባለ ሰው ያዝንላታል» አለች። «ዘሯ ነው ከተባለ ግን አለቀላት። አንቺ ወጣት ነሽ፤ ከዚህ ብትባረሪ ሌላ ሥራ ታገኛለሽ። እሷ ሌላ ዘር ከየት ታገኛለች?»

ልቆጣት ይገባኝ ይሆናል። ሥራዬን፣ ስሜን አሳልፋ ሰጥታለች። ግን አልተቆጣኋትም። እሳቱን ይዛ የተመለሰችው ልጅ በበሩ ስትገባ «እትዬ፣ አቡ ብሬስ በላ?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

በመጨረሻ ያግባባን አንድ ሐሳብ ነው። «በሽተኛዋ እኔ ልሁን» አልኳት። «ሆዴን ታምሜ እናንተ ደግፋችሁኝ መጣችሁ ይባላል።» ብዙ ካሰበች በኋላ እሺ አለች።

ስለዚህ በማግስቱ ሆዴን ይዤ፣ ጎብጬ፣ በጎንደር ዋና መንገድ ላይ እያቃሰትኩ ሄድኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያዩኝ ዳር ያዙ፤ ለምጹ ወደ ሆዴ ገባ ሳይሉ አልቀሩም።

ሐኪሙ መነጽር ያደረጉ የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ያስተረጉምላቸዋል። የልጅቱን አንገት አዩ። ከጥጥ ላይ አንዲት ክር መዘዙ። ድሬሰሩ ለልጅቱ «ዓይንሽን ጨፍኚ። ሲነኩሽ የተነካሽበትን በጣትሽ አመልክቺ» አላት።

እናትየው ክንዴን ያዘች። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

ሐኪሙ የጥጡን ጫፍ በነጩ መሀል አስነኩ። ልጅቱ ትከሻዋን አነሳችና ፍርፍር ብላ ሳቀች። «ይኮረኩረኛል!» አለች።

ሐኪሙም ሳቁ። በትንሽ ስለት ጫፍ ነጩን ፈቀፈቁ፤ እንደ ፎረፎር ብናኝ ወደቀ። ድሬሰሩ የተባለውን ሲነግረን ቀለል አድርጎ ነው፤ «ቋቁቻ ነው። ከላይ የሚበቅል ነገር ነው። በቅባት ይጠፋል። ያኛው፣ ሥጋ ደዌው፣ ቢሆን ኖሮ ሲነኳት አይሰማትም ነበር።»

«እንደገና ይንኳት» አለች እናትየው።

እንደገና ነኳት። እንደገና ሳቀች። እናትየው ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የወንድሟን ነገር፣ ከእኔ በቀር ማንም ያልሰማውን፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ዘረገፈችው። ሐኪሙ በትዕግሥት ሰሙ። ያም በሽታ ቢሆን በዘር አይሄድም፣ የሚድን በሽታ ነው፣ አሁን ክኒን አለው፣ ቶሎ ከተጀመረ ጣትም አይቆረጥም አሏት።

«መድኃኒት አለው?» አለች።

«አለው።»

«የወንድሜ?»

«አዎ። የት ነው ያለው? ያምጡት።»

 «አምና ቀበሩት አሉኝ» አለች። ከሆስፒታሉ ወጣን። ልጅቱ የቅባቱን ብልቃጥ ይዛ ከፊታችን እየዘለለች ትሄዳለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ አስወጥተው ተቀምጠዋል። ጠርሙሱን ይዤ ስመጣ ፊት የነበሩት ወደ ኋላ ተገፉ። ገና ምንም ሳልል እናትየው ተነስታ ቆመች።

«እኔ ነኝ ወሬውን ያነሳሁት» አለች። «ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ። ቋቁቻ ነው፤ ቅባት ሰጥተውናል። እንስሳውም፣ አስተማሪዋም የለበትም።» አንገቷን ሳትደፋ ልጇን ጠራችና ሻሹን በሁሉም ፊት ፈታችላት። ስለ ወንድሟ አልተናገረችም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወንፊቱን ፈትቼ እንሽላሊቱን ክንዴ ላይ አወጣሁት። ሴቶቹ ጮኹ። እኔም ለልጆቹ እንዳደረግኩት አስረዳኋቸው። ነጥቦቹ የተፈጥሮው ናቸው፣ እንደ ነብር ዝንጉርጉር። ስሙን ያወጡለት ከመልኩ ነው። ሐኪሙ በጥጥ ሲነኳት ልጅቱ እንደሳቀች፣ ሥጋ ደዌ ቢሆን ግን እንደማይሰማትም ነገርኳቸው። ጅራቱን አሳየኋቸው፤ ሾፌሩ እንዳለው በቅሏል። አጭር፣ ድፍን፣ እንደ ፊተኛው ያልተዥጎረጎረ ጅራት ነው፤ ግን ጅራት ነው። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ጠጋ ብለው ተመለከቱና «ይኸ ሸጋ ፍጥረት ነው እንጂ» አሉ። ሌሎቹ ግን አልተጠጉም።

ዳይሬክተሩ ሥራዬን አላስለቀቁኝም፤ እንስሳው ግን ከግቢው ይውጣ አሉ። የሾፌሩ ልጅ በዚያው ሳምንት እንስሳውን በቆርቆሮው አድርጋ ለአባቷ መለሰች። «ከያዝኩበት ድንጋይ ሥር እለቀዋለሁ» አለ፤ ከሰላ ደርሶ ሲመለስም እንደለቀቀው ነገራት። ልጆቹ ማኪናው እስኪሰወር ድረስ እጃቸውን አውለበለቡ። ዝንቦቹ ግን ለብዙ ቀን መስኮቱ ላይ እየተያዙ ይከመሩ ነበር።

ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት ከበሩ ውጭ ጠበቀችኝ። «ያ ሐኪም የሚገባው መቼ መቼ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። ማክሰኞ ሌላዋ መጣች፤ የእኅቷን ልጅ ምክንያት አደረገች። ከከተማው ውጭ፣ ከፀዳ፣ በእግሩ የመጣ ገበሬም ነበር፤ የመጣበትን ሳይናገር ሄዶ፣ ተመልሶ መጥቶ የግራ እጁን አሳየኝ። አብዛኞቹ በእሑዱ ስብሰባ ላይ ከኔ ሲሸሹ ያየኋቸው ሰዎች ናቸው። ስንት ቤት ውስጥ ሻሽ እንደታሰረ፣ ስንት ጓዳ ተዘግቶ እንደኖረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የማውቀው ከተማ አልመስል አለኝ።

ከሁሉም ያስደነገጡኝ ግን ዳይሬክተሩ ናቸው። አንድ ቀን ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወደ ክፍሌ ገቡ፤ ከዚያ በፊት ገብተው አያውቁም። በሩን ዘጉ። ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። ክንዳቸው ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ደብዘዝ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ነበር።

«ያችን ልጅ በጥጥ ሲነኳት ሳቀች አልሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጌታዬ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ካለው የልጆቹ የስፌት መርፌ አንዱን አነሱና ዓይኔ እያየ ቦታው ላይ ወጉት። ደም ነጥብ ብላ ወጣች። ፊታቸው ምንም አልሆነም።

«አይሰማኝም» አሉ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ክኒን እንዳለው፣ በዘር እንደማይሄድ፣ ሐኪሙ የነገሩንን ሁሉ እየተንተባተብኩ እንደነገርኳቸው አውቃለሁ። አብሬያቸው ልሂድ ብል እምቢ አሉ። ሐሙስ ዕለት ብቻቸውን ሄዱ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዚያው ሥራ ቆዩ፤ ጣቶቻቸው አልተቆለመሙም፤ ልጆቻቸውን ዳሩ፤ በእርጅና ሞቱ። በሕይወት ሳሉ ለማንም አልተናገርኩም።

ያን ሐሙስ ከሆስፒታል ሲመለሱ ከክፍሌ ደጃፍ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። እግራቸውን ሳያቆሙ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ነው» አሉኝ። «ግን ገና ጅምሩ ነው አሉ። ክኒኑን ሰጥተውኛል።» ከዚያም ወደ ግቢው ወጥተው፣ በዚያው በለመድነው ቁጡ ድምፃቸው፣ ደወሉን አዘገየህ ብለው ዘበኛውን ተቆጡት።